አራተኛው ጥሪ

ዕድሜ ልካቸውን የሰው ስም ጮክ ብለው ሲጠሩ የኖሩት ጋሽ ወርቅነህ ማረፋቸውን የሰማሁት ያለ አንዳች ድምፅ ነው። በምሠራበት ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሜ ለአንዲት እናት የልጃቸውን ሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳሁ ሳለ ስልኬ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ነዘረ። የእድራችን ቴሌግራም ነበር። አባላችን አቶ ወርቅነህ ለበዓል ከሄዱበት ሆለታ፣ እህታቸው ቤት፣ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ አርፈዋል፤ ቀብር ነገ ነው፤ ድንኳን የሚተክሉት ተረኞች እነ እገሌ ናቸው ይላል። ከሥሩ አንዱ የሚያለቅስ ፊት ለጥፏል። አነበብኩት፣ ስልኩን ኪሴ መለስኩት፣ «ከምግብ በኋላ ነው፤ ጠርሙሱን በደንብ ይነቅንቁት» ብዬ ለሴትዮዋ ጨረስኩላቸው። እሳቸው ግን ጠርሙሱን ትተው እኔን እያዩ «ምነው ልጄ፣ ምን ሰማሽ?» አሉኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ጋሽ ወርቅነህ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የችሎት ጠሪ ነበሩ። ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው እንዲህ ያለውን ሰው ያውቃል፤ ከችሎቱ በር ላይ ቆሞ የከሳሽንና የተከሳሽን ስም ወደ ኮሪደሩ የሚወረውረው ማለት ነው። ቁመታቸው አጭር ነበር። ድምፃቸው ግን ከእሳቸው ጋር ጡረታ አልወጣም፤ የጌጃ ሰፈር ሰው ግማሹ ሰዓቱን የሚያውቀው እሳቸው ጋዜጣ ሻጩን ሲጠሩ ነው ይባል ነበር።

የችሎት ደንብ ሦስት ጊዜ መጣራት ነው። ሦስቴ ተጠርቶ ያልቀረበ ባለጉዳይ እንደሌለ ይቆጠራል፤ መዝገቡም ይዘጋል። ጋሽ ወርቅነህ ግን አራት ጊዜ ይጣሩ ነበር። «ሦስቱ የሕግ ነው፤ አራተኛው የእግዜር» ይላሉ። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣች የውርስ ክርክር ያለባት ሴት ኮሪደር ላይ ስትጠብቅ ውላ ደክሟት፣ ግቢው ጥግ ካለ ዛፍ ሥር አረፍ እንዳለች ተራዋ ይደርሳል። ሦስቴ ተጠራች፤ የለችም። ዳኛው ብዕራቸውን ሲያነሱ ጋሽ ወርቅነህ እስከ ደረጃው ወጥተው ወፎቹን ከዛፉ ያስነሳ ጥሪ ጠሩ። ሴትዮዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ገባች። ዳኛው ተቆጡ።

«አቶ ወርቅነህ፣ ስንት ጊዜ ነው የጠራኸው?»

«ሦስት ጊዜ ነው ክቡር ፍርድ ቤት።»

«አራተኛውስ ምን ነበር?»

«ሳል ነው። ጉንፋን ይዞኛል።»

ይህን ባወሩ ቁጥር መጨረሻው ላይ አንዴ ይስሉና ይስቃሉ።

እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ የመጣሁት ለሥራ ነው፤ ዘመድ የለኝም፣ ሰውም ቶሎ አልለምድም። ከጋሽ ወርቅነህ ግቢ ከኋላ በኩል ያለችውን ክፍል የተከራየሁት ልደታ ማርያም በእግር ስለምትቀርብ ነው። ማለዳ ኪዳን ደርሼ፣ ውዬ ከሥራ ስመለስ በሬን ዘግቼ መቀመጥ ነበር ሐሳቤ። እሳቸው ግን ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩና፣ ብቻውን የሚበላ ሰው ካዩ ምግቡ እሳቸውንም ያንቃቸዋል። ከሥራ ስገባ ሳሎናቸው በር ላይ ቆመው ይጣራሉ።

«አስካለ!» ዝም እላለሁ። «አስካለ!» የሰው ገበታ ላይ መቅረብ ያሳፍረኛል። «አስካለ!» መብራቴን ሳላበራ እቆማለሁ። ከዚያ አራተኛው ይመጣል።

«አቤት!»

«የጎሬ ሰው በአራተኛው ነው እንዴ የሚሰማው?» ይሉኛል እጃቸውን እየታጠቡ።

አልመለስኩላቸውም እንጂ በመጀመሪያውም እሰማ ነበር። አራተኛው ሲመጣ ግን የእውነት እንደሚፈልጉኝ አውቃለሁ።

በጾም ይተርቡኛል። «አንቺ ለሁለታችንም ጹሚ፤ እኔ ለሁለታችንም እበላለሁ» ይላሉ። እናቴ ጋ ስደውል የጎሬ ኔትወርክ ይቆራረጥና «እማዬ፣ ይሰማሻል?» እያልኩ ስጮህ በመስኮት ብቅ ብለው «ጡረታ ወጣሁ እንጂ ሥራዬን ላንቺ አላስረከብኩም!» ይሉኛል። ጎረቤት ተሰብስቦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወራ በከዘራቸው መሬት መትተው «ፀጥታ በችሎት!» ይሉና፣ ሁሉም ዝም ሲል ራሳቸው ማውራት ይጀምራሉ።

ያለቻቸው አንዲት ልጅ፣ ሰላም፣ ስዊድን አግብታ ትኖራለች። የሰላም ልጅ ሊያ እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከ«ደህና ነኝ» አያልፍም። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ይደውላሉ። ጋሽ ወርቅነህ ስልክ ሲይዙ ግንባራቸው ብቻ ነው የሚታየው።

«ደህና ነሽ ሊያዬ?»

«ደህና ነኝ ባባ።»

ከዚያ ይተያያሉ። ሰላም ስልኩን እስክትቀበል ያለው ዝምታ ለእኔ ለተመልካቿ እንኳ ይከብደኝ ነበር። ሲዘጋ ስልኩን በመሐረባቸው ጠርገው ደረት ኪሳቸው ይከቱታል። አንድ ቀን «ያን ሁሉ የማላውቀውን ሰው ስጠራ ኖሬ፣ ለልጄ ልጅ የምላት አጣሁ» አሉኝ። ቀልድ አልጨመሩበትም።

አንድ እሑድ ሰላም ሥራ ነበረችና ልጅቷ ብቻዋን ደወለች። የምትለው ሲጠፋት ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ ዕቃ አንስታ አሳየች። ራሷ የሠራቻት የምትጋጠም ሮቦት ናት፤ ግማሽ ኪሎ የማትሞላ፣ ሁለት ጎማ ያላት፣ ከፊቷ ብረት የምታሽከረክር። ከሌላ ልጅ ሮቦት ጋር በመስታወት ሳጥን ውስጥ ስትጋጠም የተቀረፀውንም አሳየቻቸው። ያኛዋ ተገልብጣ ጎማዋ ሰማይ ሲረግጥ ጋሽ ወርቅነህ ጭናቸውን መቱ።

«ይቺ ልጅ ጠበኛ ናት! እናቴን ቁርጥ! አስካለ! ነይ ይቺን ፈረንጅኛ ፍቺልኝ!»

እንግሊዝኛዬ የመድኃኒት ወረቀት እንግሊዝኛ ነው፤ እንደምንም ተግባባን። «በክረምት ስንመጣ ባባም አንድ ይኑረውና እንጋጠማ» አለች ልጅቷ ለቀልድ። ነገርኳቸው።

«ሠርቼ እጠብቃታለሁ በያት።»

«ጋሼ፣ እርስዎ?»

«በያት ነው ያልኩሽ!»

አልኳት። ልጅቷ ሳቀች፤ ጥርሷን ያን ቀን አየሁት። ቀጥላ ቁም ነገር ይዟት «በምን ሬዲዮ ነው የምትቆጣጠራት?» አለች። ጋሽ ወርቅነህ ወደ መደርደሪያቸው ዞሩና ዜና የሚሰሙበትን አሮጌ ሬዲዮ በጣታቸው አሳዩዋት። «ይኸው! አጭር ሞገድም ይስባል።»

እኔ ነገሩ ሐሳብ ሆነብኝ። ማጣላት እኮ ነው። ለንስሐ አባቴ ሳይቀር ነገርኳቸው። አባ ረጋ ብለው ሰሙኝና «ደም አላቸው?» አሉኝ። የላቸውም አልኩ። «ቂምስ ይይዛሉ?» አይይዙም። «እንግዲያው ከእኛ ይሻላሉ፤ ሂጂ ርጂያቸው» አሉኝ።

ሰውነቷን መሥራት አላስቸገረም። የላስቲክ መክተፊያ ገዝተን አስቆረጥን፤ ጠንካራ ነው፣ ቀላል ነው፣ የሬዲዮ ሞገድም አይከልልም። የጌጃ ሰፈር ቆርቆሮ ሠሪ ከፊቷ እንደ ምላስ ያለች ከሥር ገብታ የምታነሳ ብረት አበጀላት። ያስቸገረን ትእዛዝ የሚያስተላልፍላት ሬዲዮ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ከመርካቶ አንዲት የልጆች መኪና ከነሪሞቷ ገዝተው አፍርሰው ዕቃዋን ወደ መክተፊያው አዛወሩት። ሄደች! ሁለት ቀን ሙሉ ግቢውን አዞሯት። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይነካት ተነስታ በረረችና ቦይ ውስጥ ገባች። ከአጥር ወዲያ የልጅ ልደት ነበር፤ ያንኑ ዓይነት መኪና በስጦታ ያገኘች ሕፃን ሪሞቷን ትጫናለች፣ የእኛዋ ትታዘዛለች።

ጋሽ ወርቅነህ ከቦዩ አውጥተው ጭቃዋን እየጠረጉ «ይቺ ለማንም ጥሪ አቤት የምትል ናት» አሉ። «ባለጉዳይ የራሱን ስም ብቻ ነው መስማት ያለበት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ የሮቦቷ ስም ባለጉዳይ ሆነ።

እሑድ ለሊያ ስንነግራት እንደ መምህር ሆነች። የድሮውን ዓይነት ተዉት፤ ሪሞቱና ተቀባዩ አንዴ ከተዋወቁ ሌላ የማይሰሙበት አዲሱ ዓይነት ነው የሚያስፈልጋችሁ አለች። ተቀባዩ ሮቦቷ ውስጥ የምትቀመጥ የጥፍር አክል ዕቃ ናት፤ የሪሞቱን ቃል ሰምታ ለጎማዎቹ የምታደርስ። ደግሞ ቃሉ ሲቋረጥባት መቆም አለባት፤ ይህን የማታደርግ ከሆነ እንዳትገዙ፣ ጣት ትቆርጣለች አለች። ስንት ትእዛዝ በአንዴ እንደሚያስተላልፍም ጠይቁ፤ አንዱ ትእዛዝ አንድ ቻናል ነው አለች።

እኔ ሁለት ቻናል ይበቃል ባይ ነበርኩ። አንዱ ለወደፊትና ለኋላ፣ አንዱ ለግራና ለቀኝ፤ ነገር ባነሰ ቁጥር የሚበላሸውም ያንሳል። ጋሽ ወርቅነህ «ሦስተኛ ካልኖረው ሞቼ እገኛለሁ» አሉ።

«ሦስተኛው ለምላሷ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ምላሷ ባትነሳስ? ዝም ብላ ከሥር ብትገባ አይበቃም?»

«እሷስ ስትወድቅ? በምን ትነሳለች? የወደቀ የሚነሳበት ያስፈልገዋል፣ አስኩ።»

ከዚያ የሪሞቱ ቅርጽ መጣ። ሊያ ፎቶ ላከች። አንዱ እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ ትንሽ መሪ ያለው ነው፤ ሌላው በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ለሁለቱ አውራ ጣቶች ሁለት እንጨት የቆመለት፤ ሦስተኛው ያው ሆኖ ማብሪያ ማጥፊያ የበዛበት፣ አውሮፕላን የሚያበሩበት። እዚህ ሱቅ ገብተን የምንሞክረው አልነበረም፤ ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስላክ ነው። ካልሆነ ደግሞ መልሶ መላክ የለም። ስለዚህ የመድኃኒት ካርቶኖች አምጥቼ በልካቸው ቆርጬ አጣበቅኩላቸው። ክብደቱም እንዲመጣ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ውሃ ሞልቼ በጥጥ ጠቅልዬ ከተትኩበት። ጋሽ ወርቅነህ ሦስቱንም እየተፈራረቁ ይዘው ዋሉ።

«መሪ ጨብጬ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜ ሹፌር አልሆንም» ብለው ሽጉጡን ጣሉት። የአውሮፕላኑን ወደውት ነበር፤ ማብሪያዎቹን እየነካኩ ብዙ ጊዜ ያዙት። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ግን ይደርቁባቸው ነበርና ከምሳ በኋላ ካርቶኑ ዘንበል ሲል አየሁ። «ያቺን ማብሪያ ያልበዛባትን ትንሿን አምጪ» አሉኝ። እሷን ይዘው በቀኝ አውራ ጣት መንዳት፣ በግራ ምላስ ማንሳት ሲለማመዱ፣ በሌለ ሪሞት የሌለች ሮቦት ሲነዱ፣ አንደበታቸው ጭምር ይከተል ነበር። «ነይ፣ ነይ፣ ግቢ ከሥሯ... አንሻት!»

ዱባይ የምትመላለስ የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ ሪሞቱን እይዛለሁ፤ ኪሎዬ ሞልቷል፣ ሌላ አትጨምሩብኝ» አለች። ተቀባዩን ቻይና ለዕቃ የሚሄድ የእድራችን ጸሐፊ ወንድም ሊያመጣ ተስማማ። ምን እንደሚገዙ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ ተጠንቅቄ፣ ሁለት ጊዜ አንብቤ። የሞገዱን ዓይነት፣ የቻናሉን ብዛት፣ መጠኑን ሁሉ ጽፌያለሁ። የፋብሪካውን ስም ግን አልጻፍኩም። በእኛ ሥራ ማዘዣ ላይ የሚጻፈው የመድኃኒቱ ስም ነው፤ የየትኛውም አገር ፋብሪካ ይሥራው፣ ውስጡ አንድ ከሆነ ያድናል። ይህን በቀን ውስጥ ለስንቱ በሽተኛ ስምል እውላለሁ።

ሁለቱም ዕቃ በሰላም ገባ። ጋሽ ወርቅነህ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ጠረጴዛው ፊት ተቀመጡ። ሪሞቱ በራ። የተቀባዩ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ይላል፤ አይቆምም። እሑድ እስኪደርስ ስንቴ ሞከርን! ሊያ ስልኩ ላይ ተጠግታ አየችና ፈገግ አለች፤ የአያቷን ፊት ስታይ ፈገግታዋን ሰበሰበች።

«የሁለት ፋብሪካ ናቸው» አለች። «አንዱ የአንዱን ቋንቋ አይሰማም።»

ለጋሽ ወርቅነህ ነገርኳቸው። ብልጭ ድርግም የምትለዋን መብራት ሲያዩ ቆዩና «እንደኔና እንዳንቺ ናቸዋ በያት» አሉኝ።

ባልተረጉመው በወደድኩ። ግን ተረጎምኩት። ልጅቷ ሁለታችንንም በተራ አየችን። ከዚያ ቀስ ብላ አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም...»

«አስካለ፣ ቃል አታጉድዪ። ምን አለች?»

«እንግዲያው አንድ አስካለ ያስፈልጋቸዋል፣ ነው ያለችው።»

ጋሽ ወርቅነህ ከዘራቸውን አንስተው መሬቱን ሁለት ጊዜ መቱ። ችሎት የተስማማበት ነገር ነበር ማለት ነው።

ሊያ የሚስማማውን ተቀባይ ራሷ ልትልክ ብትል «ተጋጣሚ ለተጋጣሚው መሣሪያ አያቀብልም!» ብለው እምቢ አሉ። የዱባይዋ ልጅ በሚቀጥለው ጉዞዋ፣ አሁን የፋብሪካውን ስም እንደ ዳዊት አስጠንተናት፣ ትክክለኛውን አመጣችው። በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ቀዩ መብራት ሁለቴ ብልጭ አለና ቀጥ ብሎ በራ። «ቀረበች!» አሉ ጋሽ ወርቅነህ፤ ድምፃቸው እስከ ማርያም የደረሰ መሰለኝ።

ሊያ እንዳዘዘችን ጎማዎቿ መሬት እንዳይነኩ ባለጉዳይን ጣሳ ላይ አስቀምጠን እያሽከረከርናት ሪሞቱን አጠፋን። ጎማዎቹ አልቆሙም። ጋሽ ወርቅነህ ደነገጡ። «ጠሪው ከሌለም ትሮጣለች እንዴ!» ሊያ የምንጫነውን አሳየችን፤ ደግመን ሞከርን፤ ሪሞቱ ሲጠፋ ቀጥ አለች። «እንዲህ ነው» አሉ። «ድምፅ ካጣሽ ቁጭ በይ።» ሊያ ደግሞ አንድ ሕግ አትርሱ አለች፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ሲያበቃ ደግሞ ሮቦቷ ቀድማ ትጠፋና ሪሞቱ በመጨረሻ ነው የሚጠፋው። ጋሽ ወርቅነህ ሳቁ። «እሱማ የችሎት ደንብ ነው በያት። ጠሪ ከባለጉዳይ ቀድሞ ይገባል፤ ባለጉዳይ ሳይወጣ አይወጣም።» የዛፉን ሥር ሴትዮና የአራተኛውን ጥሪ ታሪክም ያን ቀን ነው ያስተረጎሙኝ፤ ሳሉን ግን መተርጎም አላስፈለገኝም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ዝምታ አልነበረም። ሊያ «ግራ»ን፣ «ቀኝ»ን፣ «አንሺ»ን ተማረች። እሳቸውም በስዊድንኛ ስድብ የሚመስል ነገር ተምረው ነበር፤ ትርጉሙን ሊያ አልነገረችኝም።

በሕማማት መግቢያ ሆለታ እህታቸው ጋ ሊከርሙ ሲነሱ ሪሞቱን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«እስክመለስ ተለማመጂ።»

«እኔ? ጋሼ፣ እኔ ምን አገባኝ?»

«ተለዋጭ ጠሪ ያስፈልጋል። ጠሪ ታመመ ተብሎ ችሎት አይዘጋም።»

ሕማማት ነውና ጨዋታ አልጀመርኩም። ከትንሣኤ በኋላም ይመጣሉ ብዬ ተውኩት። የመጣው የእድር መልእክት ነው። ባለጉዳይ ሳይወጣ አይወጣም ያሉኝ ሰው ቀድመው ወጡ።

ሰላም ለለቅሶው ብቻዋን መጥታ ተመለሰች፤ ሊያ ፈተና ነበረባት። ግቢው ውስጥ እኔና የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው በርሜል ቀረን። ፋርማሲ ሲስተር ይሉኛል፤ ቤተ ክርስቲያን እኅታችን ይሉኛል፤ ስሜን ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው ግን በዚህ ከተማ አልነበረም። ከሥራ ስገባ ሳሎናቸው በር ጋ ስደርስ እግሬ ይዘገይ ነበር። እንደዚያ ሆኖ ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ ገባ። ሰፈራችንም ሊነሳ እንደሆነ ተነገረን፤ ሰው ዕቃውን ማሰር ጀመረ።

ለሰማንያው መታሰቢያ ሰላምና ሊያ መጡ። ሊያ ረዥም ልጅ ናት፤ ግንባሯ የአያቷ ነው፣ ከስልኩ ላይ የማውቀው ያ ግንባር። ጸሎቱም ዝክሩም አልቆ በማግሥቱ ዝናብ ሲጥል፣ ልጅቷ ከሻንጣዋ የራሷን ሮቦት አውጥታ ባዶው ሳሎን ወለል ላይ አስቀመጠችና አየችኝ። በአማርኛ አንዲት ቃል ብቻ አለች።

«ባለጉዳይ?»

እምቢ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ሐዘን ነው፣ አልችልም፣ ነካክቼ አላውቅም። ግን ከጋሽ ወርቅነህ አልጋ ሥር አመጣኋት። ሪሞቱን ቀድሜ አበራሁ። ቀዩ መብራት ቀጥ ብሎ በራ፤ ያን ሁሉ ጊዜ አልረሳችውም።

አግዳሚ ወንበሩን ለመከለያ አጋድመን ሦስታችንም ከኋላው ቆምን። ሊያ አዝናልኝ ቀስ ብላ የምትገጥመኝ መስሎኝ ነበር። አልሆነም፤ ጠበኛ ናት። እኔ በቀኝ አውራ ጣቴ ብቻ ባለጉዳይን ከግድግዳ ግድግዳ አሸሻታለሁ፣ እሷ ታሳድደኛለች። አንዴ ከጎን አገኘችኝና ባለጉዳይ ተወርውራ በጀርባዋ ወደቀች። ጎማዎቿ አየር ላይ ተሽከረከሩ።

ሊያ በእነሱ አገር ልማድ በእንግሊዝኛ መቁጠር ጀመረች። «ቆይ» አልኳት። «እዚህ ቤት አይቆጠርም፤ ይጠራል።» ሰላም እኔን አየች፤ ቀጥ ብላ ቆመች፤ የአባቷ ድምፅ ከዚያች ቀጭን ሴት ጉሮሮ ወጣ።

«ባለጉዳይ!»

ቀኝ አውራ ጣቴን ገፋሁ፤ ጎማው ብቻ ዞረ።

«ባለጉዳይ!»

ምንም።

«ባለጉዳይ!» ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረባት፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ሪሞቱን ዝቅ ላደርገው ነበር።

ያኔ ሊያ፣ የምታሸንፈው እሷ ሆና ሳለ፣ ሪሞቷን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በዚያ በማይታጠፍ አፏ ጮኸች። «ባ-ለ-ጉ-ዳይ!»

«የወደቀ የሚነሳበት ያስፈልገዋል።» ሦስተኛው ቻናል! ግራ እጄ እስከዚያች ደቂቃ ሪሞቱን ከመደገፍ በቀር ሥራ አልነበረውም። የግራ አውራ ጣቴን ገፋሁት። ምላሷ ወለሉን ተጫነች፣ ተጫነች፣ ባለጉዳይ በጎኗ ተንጋደደች፣ ዞራ በጎማዋ ቆመች። ሊያ እየዘለለች እናቷን አቀፈቻት። እኔም ያልኩትን አላውቅም፤ «እመቤቴ ልደታ!» ሳልል አልቀረሁም።

ከዚያ በኋላ ደግማ ገለበጠችኝ፤ አሸነፈችኝ። ስናበቃ ባለጉዳይን ቀድሜ አጠፋሁ፤ ሪሞቱን በመጨረሻ።

ሊያ ባለጉዳይን ይዛት ሄደች። ሪሞቱን ለእኔ ተወችልኝ፤ ተለዋጭ ጠሪ ስለሆንኩ ነው አለች። ግቢው አሁን የለም። እኔ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ የብረት በሮች ናቸው፣ ሁሉም ዘግቶ ይገባል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሪሞቱን አብርቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ስዊድን እንደማይደርስ አውቃለሁ። ከዚያ ስልኩ ይጠራል። ሊያ ባለጉዳይን ከፊቷ አስቀምጣ በተሰባበረ አማርኛ ታወራኛለች።

ባለፈው እሑድ መሃል ላይ ምስሏ ቀጥ አለ። የእኔ ወደ እሷ አይደርስም መሰለኝ፤ የእሷ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

«አስካለ?» አለች። «አስካለ!» ጠጋ ብላ ደግሞ «አስካለ!»

ይሰማኛል ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ዝም አልኩ። ሪሞቱ ላይ መብራቱ እንደበራ ነው። እጄን ከጎኑ አድርጌ አራተኛውን ጠበቅኩ።

«አስካለ!»

«አቤት!» አልኩ።